ፖፕ ባንድ ወደ ጠንካራ ሮክ ሲሻገር በስቱዲዮ ውስጥ ምን ይለወጣል?

የአንድ ፖፕ ባንድ አዲስ አልበም «ከቀድሞው ይልቅ ወደ ሮክ ያደላል» ሲባል አብዛኛው አድማጭ የሚገምተው ጊታሩ መጮሁን፣ ድራሙ መክበዱንና ድምፃዊው ጉሮሮውን መልቀቁን ነው። ግምቱ ከእውነት የራቀ ባይሆንም የሚነካው የነገሩን ገጽ ብቻ ነው። ጥንካሬ የድምፅ መጠን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ማንኛውንም የትዝታ ካሴት እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ በማጫወት ሮክ ማግኘት በተቻለ ነበር። ጥንካሬው የሚወሰነው ከዚያ በፊት፣ ዜማው በሚቀናበርበት ጊዜ ነው፤ የትኞቹ ድምፆች አብረው እንዲሰሙ፣ የትኞቹ ደግሞ ጨርሶ እንዲቀሩ በሚደረገው ምርጫ። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ኦርጋንና ጊታር ይዘው የወሎን ቅኝቶች በአዲስ ድምፅ ለመጫወት ለሚጥሩ ወጣቶች ይህን ማወቅ ለሥራቸው የሚጠቅም እውቀት ነው። ስለዚህ ነገሩን በአንድ በሚታወቅ አልበም ጀምረን ወደ አምባሰልና ወደ ባቲ እናመጣዋለን።

ዲፔሽ ሞድ እ.ኤ.አ. በ1980 በእንግሊዝ አገር ባዝልደን በምትባል ከተማ የተመሠረተ ባንድ ነው። ስሙን ያስጠራው በሲንተሳይዘርና ከበሮን በሚተካ ማሽን በተሠራ፣ ለዳንስ በሚመች ፖፕ ሲሆን፣ በ1981 ከወጣው የመጀመሪያ አልበሙ አንሥቶ ለብዙ ዓመታት የሥራዎቹ ዋና መሣሪያ ጊታር አልነበረም። በ1990 ያወጣው ቫዮሌተር የተሰኘ አልበም በዓለም ዙሪያ ታላቅ ተቀባይነት ሲያገኝ ያንኑ መልክ መድገም ቀላሉ መንገድ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በማርች 1993 ለገበያ የቀረበው ቀጣዩ አልበም፣ ሶንግስ ኦፍ ፌይዝ ኤንድ ዲቮሽን፣ በሻከረ ጊታር፣ በሰው እጅ በተመታ ድራምና በመንፈሳዊ መዝሙር ስልት በሚቀበሉ ዘማሪዎች የተገነባ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ዘፈን የሚከፈተው ጆሮን በሚበሳ ረጅም ጩኸት ነው፤ የቀድሞውን ለስላሳ ድምፅ ጠብቆ ለመጣ አድማጭ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስታወቂያ ሊኖር አይችልም። አልበሙ በብሪታንያም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ በአንደኛነት ገባ።

የለውጡ ግፊት በተለይ ከድምፃዊው ከዴቭ ጋን የመጣ ነበር። በዚያ ወቅት መኖሪያውን ሎስ አንጀለስ አድርጎ ስለነበር የዘመኑ የአሜሪካ ሮክ ባንዶች ጥሬና ያልተለሳለሰ አጨዋወት ማርኮታል፤ ባንዱም ወደዚያ እንዲያመራ ይወተውት ነበር። የዘፈኖቹ ደራሲ ማርቲን ጎር ግን ዜማ መጻፉን በራሱ መንገድ ቀጠለ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሞሉት አላን ዋይልደርና ፍለድ በሚል የሙያ ስም የሚታወቀው ፕሮዲውሰር ናቸው። ቡድኑ በማድሪድ ቤት ተከራይቶ ስቱዲዮ ዘረጋበት፣ ሥራውንም በኋላ በሐምቡርግ ቀጠለ። በኪቦርድ ተጫዋችነቱ የሚታወቀው ዋይልደር በዚህ አልበም ድራም ላይ ተቀመጠ፤ ሆኖም ቀረጻው እንደተመታ አልተተወም። ከተመታው ውስጥ የተሻለው ክፍል ተቆርጦ፣ እየተደጋገመና በማሽን እየተቀየረ የዘፈኑ መሠረት እንዲሆን ተደረገ። በዚህ ምክንያት ድራሙ የሰው እጅ ላብ አለበት፤ አደራደሩ ግን ባንዱ ለአሥር ዓመታት ሲለማመደው የኖረው የማሽን ሥርዓት ነው። በእኔ ግምት የአልበሙ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ ባንዱ የቀድሞ ማንነቱን አውልቆ የሮክ ልብስ አልለበሰም፤ የሮክን ጥሬ ዕቃ ወስዶ በራሱ የአሠራር ልማድ ቀመረው።

ከጊታርና ከድራም ባሻገር በአልበሙ ውስጥ ባለ አውታር ኦርኬስትራ፣ የአየርላንድ ባህላዊ ወናፍ ያለው ዋሽንትና የዘማሪዎች ቡድን ይሰማሉ። የዘማሪዎቹ መግባት ለወሎ አድማጭ እንግዳ አይደለም። መንዙማ ሲባል በአውራጁና በተቀባዮቹ መካከል የሚፈጠረው መናበብ፣ ድቤውና ጭብጨባው እየከረሩ ሲሄዱ በሰው ደረት ላይ የሚያሳድረው ጫና ያለ አንዳች ኤሌክትሪክ የተገኘ ጥንካሬ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚቀበለው አዝማች አንድ ድምፃዊ በብርቱ ጩኸት ሊደርስበት ከማይችል ክብደት ላይ ያደርሳል።

አሁን ጊታሩን እንመልከት። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚጎላው በአምፕሊፋየር ነው። አምፕሊፋየሩ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ኃይል ሲገባበት የድምፁን ሞገድ እስከ ጫፉ ማድረስ ስለሚያቅተው ጫፎቹን ይቆርጣቸዋል። ሙዚቀኞች ዲስቶርሽን የሚሉት ይህንን ነው፤ በእግር የሚረገጠው ፔዳልም ይህንኑ መቁረጥ አስቦ የሚሠራ ነው። መቆረጡ ሁለት ውጤት አለው። የመጀመሪያው፣ በሰከንድ 110 ጊዜ የሚርገበገብ ክር በውስጡ ደብቆ የያዛቸው 220፣ 330፣ 440 እያሉ የሚሄዱ ብዜቶች ጎልተው ይወጣሉ፤ ድምፁ የሚሻክረውና የሚወፍረው በእነዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ክሩ በተመታበት ቅጽበት ያለው ከፍተኛ ድምፅና እየደከመ ሲሄድ ያለው ዝቅተኛ ድምፅ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ቶሎ ይሞት የነበረው የጊታር ድምፅ ረጅም ዕድሜ ያገኛል። በፈረስ ጭራ የሚገዘገዘው ማሲንቆ ከሚሰጠው ሻካራ፣ በብዜቶች የበለጸገና ደጋኑ እስካልቆመ ድረስ የማይቋረጥ ድምፅ ጋር ጊታሩን የሚያቀራርበው ይህ ነው።

ዲስቶርሽን አንድ ሦስተኛ ጠባይም አለው፤ ጠንካራውን ሮክ ከፖፕ የሚለየው የቅንብር ሕግ የሚፈልቀው ከእርሱ ነው። ሁለት ድምፆች አብረው በዲስቶርሽን ውስጥ ሲያልፉ እያንዳንዳቸው ብቻ አይሻክሩም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትና ድምራቸው ራሳቸውን ችለው እንደ አዲስ ድምፅ ይሰማሉ። አንዱ 110፣ ሌላው 165 ንዝረት ቢኖራቸው ልዩነታቸው 55፣ ድምራቸው 275 ይሆናል። 275 የ55 አምስት እጥፍ ነው፤ 110 እና 165 ራሳቸው የ55 ሁለትና ሦስት እጥፍ ናቸው። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ስለሆኑ ይዋሐዳሉ፤ ማንም ያልተጫወተው የ55 ንዝረት ጥልቅ ድምፅም ከሥር ይመጣል። ይህ በዶ እና በሶል መካከል ያለው የአምስተኛ ርቀት ነው፤ ጊታሪስቶች ሁለቱን ድምፆች ብቻ ይዘው ሲመቱ ፓወር ኮርድ ይሉታል።

በፖፕ ሙዚቃ የተለመደው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት) ግን ሦስት ድምፆች አሉት፤ የመካከለኛው ድምፅ ኮርዱ የደስታ ወይም የትካዜ ቀለም እንዲይዝ የሚያደርገው ነው። ይህን መካከለኛ ድምፅ፣ ወደ 138.6 ገደማ ንዝረት ያለውን፣ በመጨመር እንሞክረው። ከ110 ያለው ልዩነት 28.6፣ ከ165 ያለው ልዩነት ደግሞ 26.4 ይሆናል። ሁለቱ ልዩነቶች ለመዋሐድ በጣም ይራራቃሉ፣ ለመለያየትም በጣም ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ከሥር ይፋተጋሉ፣ ድምፁም ይጨቀያል። ሮክ ጊታሪስት መካከለኛውን ድምፅ የሚያስቀረው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለቅንብር ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጊታሩ የደስታውንና የትካዜውን ቀለም ከለቀቀ ቀለሙን የመሸከሙ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በድምፃዊው ዜማ ላይ ይወድቃል። ጥሩ ዜማ የመጻፍ ልማድ ያለው ፖፕ ባንድ ወደ ጠንካራ ሮክ ሲሻገር ብዙ ጊዜ የሚሳካለት፣ ዜማው ደካማ የሆነ ደግሞ በጩኸቱ መካከል ባዶነቱ የሚጋለጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወሎ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአገራችን ሙዚቃ በዋናነት የሚመሠረተው በአምስት ድምፆች ቅኝት ላይ ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በሚባሉት ቅኝቶች ዘንድ የወሎ ስም ጎልቶ ይነሣል፤ ባቲና አምባሰል ዛሬም የቦታ ስሞች ናቸው። እነዚህ ቅኝቶች የተወለዱት ሦስት ድምፅ ባለው ኮርድ ላይ ተደግፈው አይደለም። አቀናባሪዎች በኦርጋን የምዕራባውያንን ሙሉ ኮርድ ሲያስገቡባቸው አንዳንድ ጊዜ ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ድምፅ ሰርጎ እየገባ ዜማውን ያደበዝዘዋል። ሁለት ድምፆች ብቻ ያሉት ፓወር ኮርድ ግን ከቅኝቱ ሳይወጣ ሊቆም የሚችልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ስንት እንደሆኑ እያንዳንዱን ቅኝት ከዶ አስነሥቶ መቁጠር ይቻላል።

ሜጀር የሚባለው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በውስጡ የአምስተኛ ርቀት ያላቸው ጥንዶች ዶና ሶል፣ ሬና ላ፣ ሶልና ሬ፣ ላና ሚ ናቸው፤ አራት ፓወር ኮርዶች ከቅኝቱ ሳይወጡ ይገኛሉ ማለት ነው። ማይነር የሚባለው ባቲ ዶ፣ ሚ ፍላት (ከሚ በኪቦርድ አንድ ቁልፍ ዝቅ ያለው ድምፅ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ሲሆን እርሱም አራት ይሰጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ይህ የባቲ ዓይነት የሮክና የብሉዝ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ ብለው ሶሎ ከሚጫወቱበት ስኬል ጋር በድምፆቹ አንድ ነው። ባቲን ጠንቅቆ የሚያውቅ የደሴ ሊድ ጊታሪስት የሮክን ዋና ስኬል ጣቶቹ ለምደውታል። ልዩነቱ በአካሄድ ነው፤ ባቲ ዜማው የሚያርፍበት፣ የሚመለስበትና ድምፁን የሚያቅለሰልስበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሮክ ጊታሪስት ደግሞ ክሩን እየለጠጠ በድምፆቹ መካከል ይንሸራተታል። ድምፆቹ አንድ መሆናቸው መንገዱን ይከፍታል እንጂ ሥራውን አይጨርስም።

ከሁሉም ይበልጥ ለጠንካራ ሮክ የተመቸ ሆኖ የማገኘው አምባሰልን ነው። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው። ጥንዶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ ዶና ሶል፣ ሬ ፍላትና ላ ፍላት፣ ፋና ዶ። ቁጥሩ ቢያንስም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኮርዶች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በኪቦርድ የአንድ ቁልፍ ርቀት፣ መሆኑን ልብ ይሏል። ከመነሻው ኮርድ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ መመለስ በሄቪ ሜታል ሙዚቃ አስጨናቂና ከባድ ስሜት ለመፍጠር በሰፊው የሚሠራበት እንቅስቃሴ ነው። አምባሰል ይህን እንቅስቃሴ ከማንም ሳይበደር በተፈጥሮው ይዞታል። ማሪቱ ለገሠን በመሳሰሉ የወሎ ድምፃውያን አምባሰል ሲዜም አድማጩን የሚይዘው ያ ጠበቅ ያለ ስሜት ከዚሁ ከመነሻው አጠገብ ከተቀመጠው ድምፅ ጋር የተያያዘ ነው።

አንቺሆዬ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። በዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሲቃኝ በውስጡ ሶል ስለሌለ በመነሻው ድምፅ ላይ ፓወር ኮርድ ማቆም አይቻልም፤ ጊታሪስቱ ሶልን በግድ ቢያስገባው ቅኝቱ ይፈርሳል። በዚህ ጊዜ ጊታሩና ቤዙ ነጠላ ድምፅ እየያዙ በአንድነት ዜማውን ቢከተሉ ይሻላል። በዲስቶርሽን ውስጥ ነጠላ ድምፅ በራሱ ወፍራም ስለሆነ የሚጎድል ነገር አይኖርም።

ክራርን በዲስቶርሽን ለሚሞክሩ ደግሞ ጥንቃቄው ከዚሁ ይመነጫል። ሁሉንም አውታሮች በአንድ ጊዜ መምታት በተፈጥሮ ድምፁ ያማረ ቢሆንም፣ በአምባሰል የተቃኘ ክራር ዶና ሬ ፍላትን አብሮ ወደ ፔዳሉ ቢልክ የሚወጣው ኮርድ ሳይሆን ጉርምርምታ ነው። በግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች አጥብቆ ማፈን፣ ሁለት አውታር ብቻ ክፍት መተው ያስፈልጋል። ኦርጋን ላይ የዲስቶርሽን ጊታር ድምፅ መርጠው ለሚጫወቱም ችግሩ በተቃራኒው በኩል ይመጣል። በኦርጋኑ ውስጥ ያለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ሻክሮ የተቀረጸ ነው፤ ሁለት ቁልፍ ሲነካ ሁለቱ ድምፆች በአንድ ዲስቶርሽን ውስጥ አብረው ስላላለፉ ያ ከሥር የሚመጣው ጥልቅ ድምፅ አይወለድም። በሠርግና በሆቴል መድረክ የኦርጋን «ሮክ ጊታር» ሳስቶ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የተጫዋቹ ችሎታ ማነስ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ወደ ድራሙ ስንመጣ፣ ማሽን እያንዳንዱን ምት በአንድ ዓይነት ኃይልና በትክክለኛው ቅጽበት ያስቀምጣል። የሰው እጅ ግን ከቅጽበቱ በጥቂቱ ይዘገያል ወይም ይቀድማል፤ አንዱን ምት ያጠነክራል፣ ሌላውን ያሳርፋል። በስቱዲዮ ይህን ለመያዝ በእያንዳንዱ ከበሮ አጠገብ ከሚቀመጠው ማይክ በተጨማሪ ራቅ ብሎ የክፍሉን ድምፅ የሚቀበል ማይክ ይቆማል። የክፍሉ ድምፅ በኮምፕሬሰር ተጨምቆ ደካማው ወደ ብርቱው ሲጠጋ ድራሙ ከተመታበት ክፍል የሚበልጥ ሆኖ ይሰማል። ፍጥነት መጨመር በአንጻሩ ጥንካሬን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ የተዘረጋው የጊታር ድምፅ ለመሰማት ጊዜ ስለሚፈልግ ረጋ ያለ ምት ከሩጫው ይልቅ ይከብዳል። ቺክቺካን ወደ ሮክ ማምጣት ለሚሹ ስድስቱን ምቶች ለሁለት ከፍሎ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቅ ከበሮ) በአንደኛው፣ ስኔሩን (ስል ድምፅ ያለውን ትንሽ ከበሮ) በአራተኛው ላይ አሳርፎ በመካከል ያሉትን መተንፈሻ መተው ጥሩ መነሻ ነው፤ ውዝዋዜው ሳይጠፋ ክብደት ይገኛል።

በአገራችን ይህን መንገድ በግልጽ የተከተለው ጃኖ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ኤርታሌ የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ሲሆን፣ ሻካራ ጊታርና የአገር ቤት ቅኝት በአንድ ሥራ ውስጥ ሊቆሙ እንደሚችሉ ሰፊው ሕዝብ በጆሮው እንዲሰማ አድርጓል። የባንዱን ሥራ የማይወዱ አድማጮች መኖራቸው አያስደንቅም፤ ዲፔሽ ሞድም ሲንተሳይዘሩን የናፈቁ ወዳጆች ነበሩት። ከዚያ አልበምና ረጅም ዓለም አቀፍ ጉዞ በኋላ በ1995 አላን ዋይልደር ከባንዱ ተለየ፤ ድምፅን የመለወጥ ሥራ የባንድ አባላትን ግንኙነትም የሚፈትን ከባድ ሥራ መሆኑን ይህ ያሳያል።

የመጨረሻው ደረጃ ሚክሲንግ፣ ማለትም ለየብቻ የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐድ፣ ነው፤ በአማርኛ ለሚዘፍን ባንድ ደግሞ ይህ ደረጃ ከማንኛውም በላይ ወሳኝ ነው። የሰው ንግግር በግልጽ እንዲሰማ የሚያደርጉት ተነባቢ ድምፆች በአብዛኛው በሰከንድ ከ1000 እስከ 4000 ንዝረት ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ የዲስቶርሽን ጊታር ብዜቶችም በዚያው ክልል ይሰፍራሉ። ሁለቱ ሲጋጩ የሚሸነፈው ድምፃዊው ነው። በእንግሊዝኛ ዘፈን ጥቂት ተነባቢ ቢዋጥ አድማጩ ከአገባቡ ሊገምተው ይችል ይሆናል። በአማርኛ ግን መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል፤ የጠ፣ የጨና የቀ ፍንዳታም ለግጥሙ ምት አስፈላጊ ነው፤ ቅኔ ያለበት የወሎ ግጥም ከሆነ ደግሞ ወርቁ የሚያዘው በእነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ነው። ስለዚህ የሚክሲንግ ባለሙያው ድምፃዊውን እያጎላ ከመሄድ ይልቅ ጊታሩን በዚያ ክልል በጥቂቱ ቆርጦ ቦታ ሊለቅለት፣ ሁለት ጊታር ካለም አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ገፍቶ መሐሉን ለግጥሙ ሊተውለት ይገባል። አቀናባሪው ደግሞ ድምፃዊው ስንኙን በሚያወርድበት ጊዜ ጊታሩ አጭርና የታፈነ ምት ብቻ እንዲጫወት፣ ስንኙ ተጠናቆ ተቀባዮቹ አዝማቹን ሲያነሡ ሙሉ ድምፁን እንዲለቅ ቢያደርግ፣ በሚክሲንግ የሚቀረው ሥራ በእጅጉ ይቀላል።